ማስቀመጫ ያጣ እሳት

ገዳሪፍ ይበርዳል ስል የሚያምነኝ ሰው አላገኘሁም። አገሩን የሚያውቁት ሰዎች የሚያስታውሱት ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው ፀሐይ አናታቸውን ስትበሳቸው ነው። እኔ ግን ትዳር ይዤ የኖርኩበት አገር ነውና ሌላውንም ፊቱን አውቀዋለሁ። ከኅዳር በኋላ ከሰሜን የሚነሳ ደረቅ ነፋስ አለ። ሱዳኖቹ ወራቱን «ሽታ» ይሉታል። ለእኛ ጆሮ የሚያስቅ ስም ነው፤ ወራቱ ግን የሚያስቅ ነገር የለውም። ቀን ላብ በላብ ሆነን የምንውልበት ሜዳ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱን እንደ ተዘረፈ ሰው ባዶውን ይቀራል። ነፋሱን የሚያግደው ተራራ የለ፣ ዛፍ የለ። የጡብ ቤት ያለው በሩን ይዘጋል። ሣር ጎጆ ውስጥ ያለው ግን ምኑን ይዘጋል?

ይህ ነገር የደረሰብኝ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። ስሜ ዘሀራ ነው፤ ትውልዴ ጎንደር። ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበርኩ። ባለቤቴ ሰዒድ የመተማ ነጋዴ ልጅ ነው፤ እንደተጋባን ገዳሪፍ ወሰደኝና ገበያው ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፈትን። ፋኖስ፣ የፋኖስ ክር፣ ማንቆርቆሪያ፣ ምድጃ እንሸጥ ነበር። እቃው ከፖርት ሱዳን ነው የሚመጣው። ሰዒድ እሱን ሊያመጣ ሲሄድ ሱቁ በእኔ እጅ ይውላል። ለሥራው ቀልጣፋ ነበርኩ። የትኛው ምድጃ ላምባ እንደሚበላ፣ የትኛው ጥላሸት እንደሚተፋ በዓይኔ አውቃለሁ። ከዚያ ውጭ ያለው ዓለም ብዙም አያሳስበኝም ነበር። የአገሬ ሰው በረሃብ ተነድቶ ድንበሩን ተሻግሮ በየሜዳው እንደ ፈሰሰ እሰማ ነበር፤ ከመስማት አልፌ ግን ሄጄ አላየሁም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሰዒድ በሌለበት፣ አንድ ረጅም ሰው ደጃፉ ላይ ቆመ። ልብሱ ተቦጫጭቆ ገላው ላይ ተጣብቋል። በብብቱ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ይዟል። አቋቋሙና አነጋገሩ የአገሬ ሰው መሆኑን ነገረኝ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመቤቴ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምን ልርዳህ?»

«ቤት የሚያሞቅ እሳት ትሸጣላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ሳቄ መጣ። ሁለታችንም በላብ ተጠምቀናል። «በዚህ ሐሩር?» አልኩት።

«ቀኑ የናንተ ነው። እኔ የምልሽ ሌሊቱን ነው።»

ሳቄን ዋጥኩት። ስሙ ውበቱ እንደሚባል፣ ከበለሳ እንደመጣ፣ ከገዳሪፍ ወዲያ ሜዳው ላይ በተሠራው የስደተኛ ሰፈር እንዳለ ነገረኝ። ባለቤቱ ጥሩወርቅ እንደ ደረሱ ያለ ወሯ ወልዳለች፤ በሰባት ወሯ። ልጅቷ ሴት ናት። ሁለት መዳፎቹን አጋጥሞ «ይቺን ታህላለች» አለኝ። ከዚያ መዳፎቹን እንዳጋጠመ ትንሽ ቆየ፤ አሁንም የያዛት ይመስል ነበር።

«የክሊኒኩ ነርስ አየቻት። ወተቱን እኛ እንሰጣችኋለን፣ ሙቀት ግን የለንም፣ ሙቀት ፈልጉ አለችን። ይኸው ፍለጋ መጣሁ። ዋጋውን በዚህ ያዢልኝ» ብሎ ብርድ ልብሱን ባንኮኒው ላይ አኖረው።

«ብርድ ልብስ ሸጠህ እሳት ትገዛለህ?»

«ብርድ ልብስ የሚያሞቀው እኮ ሙቀት ያለውን ሰው ነው፣ እመቤቴ። ልጅቷ የራሷ ሙቀት የላትም። ስንጠቀልላት ብርዱን ነው አብረን የምንጠቀልለው።»

ብርድ ልብሱን መልሼ ትከሻው ላይ ጣልኩት። «እሱን ተወውና ና፣ እንምረጥ» አልኩት።

በመጀመሪያ እጁን የሰደደው ሱዳኖቹ ካኑን ወደሚሉት የከሰል ማንደጃ ነበር፤ የሚያውቀው እሳት እሱ ነውና። «እሱ አይሆንም፣ አያ ውበቱ» አልኩት። «ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። አይሸትም፣ አያስልም፤ ተኝተህ በዚያው ትቀራለህ። ጎንደር እያለን ሙሽሮች ጎረቤቶቻችንን በክረምት እንዲህ ሆነው አግኝተናቸዋል።» እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ትልቁን ማሞቂያ አየው። የውጭ አገር ሰዎች ሲሄዱ የሸጡት ነው። ከኋላው እንደ መስታወት የሚያበራ ቆርቆሮ አለው፤ ሲለኮስ ፍም መስሎ ይቀላል፣ ሙቀቱንም ወደ ፊት ይወረውራል። «ይህስ?» አለኝ። ዓይኑ በራ።

«ያምራል። ግን ላምባ እንደ ግመል ነው የሚጠጣው። በአንድ ሌሊት ባዶውን ታቅፈኸው ታነጋለህ። ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ይለበልባል።»

በፓምፕ የሚነፋውንም የነሐስ ምድጃ አሳየሁት። እየጮኸ የሚነድ ነው፤ ቀዳዳው ሲደፈን ድንገት እሳት ይተፋል፤ ላልለመደው አይሰጥም። በመጨረሻ ያወረድኩለት ዙሪያውን ክር ያለው፣ በብረት ወንፊት የተሸፈነ፣ ማንጠልጠያ ያለው ትንሽ የላምባ ማሞቂያ ነው። ቢነኩት ቶሎ አይገለበጥም፣ ላምባ ይቆጥባል፣ ከላይም ድስት ይቀመጥበታል። እሱም ቢሆን በሩ ገርበብ እንዲል ይፈልጋል፤ ከጨርቅና ከሣርም ራቅ ማለት አለበት። ይህን ሁሉ ነገርኩት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

«እንግዲህ አንተ ሙላው፤ ልይህ» ብዬ ጀሪካኑን ሰጠሁት። ለኩሼ ያሳየሁት ገና እየነደደ ነበር። ውበቱ ጀሪካኑን ከፍቶ በእሳቱ ላይ ሊያፈስ ሲያዘነብል ጮኼ እጁን ያዝኩት።

«ምን አጠፋሁ?»

«እሳቱ ሳይጠፋ፣ ብረቱም ሳይበርድ ላምባ አይጨመርም! አብረህ ልትነድ ነው?»

«እኛ እኮ እንጨት ሲያንስ እሳቱ ላይ ነው የምንጨምረው» አለኝ፣ ተጨንቆ።

እውነቱን ነው። እኔም ደነገጥኩ። «ጎጆአችሁ በምን የተሠራ ነው?» አልኩት።

«በሣር።»

«ጣሪያው ነው ሣሩ?»

«ግድግዳውም።»

«ወለሉስ?»

«እመቤቴ፣ የምንተኛውም ሣር ላይ ነው።»

ማሞቂያውን አስይዤ ልሰደው አልቻልኩም። እሳት ለሰው ሰጥቶ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም አልኩ። ሱቁን ለጎረቤቴ ለሐጂ ዑመር አደራ ብዬ፣ ላምባ በጀሪካን ሞልቼ፣ ወደዚያ ማሽላ በሚያደርስ ሎሪ ላይ ከውበቱ ጋር ተሳፈርኩ። ሐጂ ዑመር «ሰዒድ ሲመጣ ምን ልበለው?» ሲለኝ «ነገ እመለሳለሁ» አልኩት።

የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። የሰፈሩን ነገር ብዙ አልናገርም። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ያን ያህል ዝም ያለበት ቦታ አይቼ አላውቅም፤ የሚሰማው ሳል ብቻ ነው።

ጎጆው ውስጥ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ጥሩወርቅ ጥግ ላይ ተጋድማለች፤ ፊቷ ከዕድሜዋ በፊት አርጅቷል። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ልጅቷን አሳየችኝ። ቆዳዋ ቀጭን ነው፤ ደም ሥሯ ይታያል። እግሯን በጣቴ ነካሁት፤ ውሃ ውስጥ ያደረ ጠጠር ይመስላል። ከነሱ ማዶ ደግሞ አስካለ የምትባል ባሏ መንገድ ላይ የሞተባት ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ጎጆው አንድ፣ ቤተሰቡ ሁለት። እኔ ስገባ የአንዱን ልጅ እግር ረግጫለሁ።

ማሞቂያውን የት እንደማኖረው ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ክንዴን ብዘረጋ ከየትኛውም በኩል ሣር እነካለሁ። ጣሪያው ከራሴ በላይ ስንዝር አይሞላም። መሬቱ ላይ ሰው ያልተኛበት ቦታ የለም።

አስካለ ከእጄ ያለውን አይታ ተነሳች። «ይህ ነገር እዚህ አይገባም» አለች።

«አንቺ ሴት፣ ልጄ እየሞተች ነው» አላት ውበቱ ከደጅ ሆኖ።

«አውቃለሁ። ሰሞኑን እዚያ ማዶ ያለው ጎጆ በኩራዝ ሲነድ አብረን አይደል ያየነው? ማን ወጣ ከዚያ ቤት? ሦስት ልጅ በጀርባዬና በእጄ ይዤ ይህን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት እሳት ላበላቸው አይደለም።»

«የኔስ ልጅ?»

«ያንተ ልጅ በብርድ፣ የኔ ልጆች በእሳት። እንግዲህ ምረጥ!»

ውበቱ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እቃውን የማውቀው እኔ ነኝና ፍርዱን ከእኔ ጠበቀ። አስካለ ልክ ነበረች። ሱቅ ውስጥ ሁሉንም መርጬ ነበር፤ ክሩን፣ ወንፊቱን፣ የላምባውን ፍጆታ። የሚቀመጥበትን ቤት ግን መምረጥ አይቻልም። እሳቱን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ደጅ ለኮስኩት፤ ነፋሱ አጠፋው። ደግሜ ለኮስኩት፤ ደግሞ አጠፋው። ከውስጥ የጥሩወርቅ ድምፅ ተሰማ፦

«እሳቱ መግባት ካልቻለ፣ ውሃ አሙቁና እሱ ይግባ።»

ይህ አልታየኝም ነበር። ውበቱ ወደ ክሊኒኩ ሮጠና የጎማ ክዳን ያላቸው ባዶ የግሉኮስ ጠርሙሶች ይዞ መጣ። አስካለም ኩርፊያዋን ትታ በጆንያና በጀሪካን ነፋሱን ጋረደችልን። በዘይት ቆርቆሮ ውሃ አሞቅን፣ ጠርሙሶቹን ሞላን፣ በጨርቅ ጠቀለልን። ጥሩወርቅ ልጅቷን ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አጣብቃ ጠርሙሶቹን በልጅቷ ግራና ቀኝ አደረገች። ሲበርዱ እንቀይራለን። ሌሊቱ በዚህ አለቀ፤ እኔና ውበቱ ከደጅ፣ አስካለ ከውስጥ እየተቀባበልን።

ጎህ ሲቀድ ጥሩወርቅ ጠራችኝ። «ንኪያት» አለችኝ። የልጅቷን እግር ነካሁ። ለብ ብሏል። እናቷ ነርሷ የሰጠችውን ወተት በጥጥ እያንጠባጠበች አፏ ላይ ስታደርግላት ያቺ ፍጥረት ከንፈሯን አንቀሳቀሰችና ዋጠች። አስካለ «እልል!» ልትል ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ውበቱ ፊቱን አዞረ።

እውነት እላችኋለሁ፣ በዚያች ጠዋት የሚሆንልን መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ጀሪካኑን አነሳሁት፤ ቀለለኝ። በነፋስ የሚነድ እሳት ቤት ውስጥ ከሚነደው እጥፉን ይበላል፤ የቀረው ለመጪው ሌሊት አይበቃም። ማገዶ እንዳንል ሜዳው ተለቅሞ አልቋል፤ ሰው የማሽላ ሥር እየነቀለ ነው የሚያነደው። ውበቱ ሰፈሩን ዞሮ አንድ ሾፌር አገኘና ነዳጅ በጣሳ ይዞ መጣ። «ይኸው ላምባ! ሾፌሩ ጀሪካን ሙሉ አለው» አለ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር።

አሸተትኩት። ጣቴን ነክሬ ነፋሱ ላይ ያዝኩት። ላምባ ቅባቱን ጣት ላይ ትቶ ይቆያል፤ ይህ ግን ወዲያው በነነና ጣቴን አቀዘቀዘው።

«አያ ውበቱ፣ ቤንዚን ተቀላቅሎበታል። አይሆንም።»

«ይነዳል ወይስ አይነድም?»

«ይነዳል። አደጋውም እሱ ነው። ማሞቂያው ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ነፋሱ ደግሞ ጎጆ ከጎጆ ያቀጣጥለዋል።»

«ደጅ አይደል የምናነደው?»

«ደጁስ ምንድን ነው? ሁሉም ሣር ነው ብለኸኝ የለ?»

«አንቺ ማታ ግንብ ቤትሽ ገብተሽ ትተኛለሽ» አለኝ። በቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም እንደ ተራ ነገር ነው ያለው። ከዚያ ጣሳውን መለሰ።

ልጅቷ የሎሪውን አቧራና መንገጫገጭ ስለማትችል ይዣት ልሄድ አልደፈርኩም፤ ከተማ ሄጄ ንጹሕ ላምባ ላመጣላቸው ተስማማን። «ሳይመሽ እደርሳለሁ» አልኳቸው። ጥሩወርቅ እጄን ሳመችኝ።

ገዳሪፍ ስደርስ ማደያው ደርቋል። የነዳጅ መኪና ከቀረ መሰንበቱን ሰው ሁሉ ያወራል። የምሸጠው ምድጃ መደርደሪያ ሙሉ ነው፤ የሚነድበት ላምባ ግን የለም። ሐጂ ዑመርን ለመንኩት፤ ያለውን ቀዳልኝ። ቤቴ ያሉትን ፋኖሶች ሁሉ አፈሰስኩ። የጎረቤት ሴቶችን ዞርኩ፤ አንዷ ሰጠች፣ ሌላዋ «ማዓሌሽ»፣ ይቅርታ፣ ብላ በሯን ዘጋች። ጀሪካኔ ሲሞላ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ወደ ሎሪዎቹ መቆሚያ ሮጥኩ። በዚያን ሰዓት ወደዚያ የሚሄድ አንድም አልነበረም። አንዱን ሾፌር በአላህ ብዬ ለመንኩት። «ቡክራ» አለኝ፤ ነገ።

ውበቱ እንዳለኝ ግንብ ቤቴ ገባሁ። አልተኛሁም፤ ግን አልበረደኝም። ነፋሱ መስኮቱን ሲመታ እየሰማሁ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ላምባውን አልጋዬ ሥር አድርጌ ነጋልኝ።

በመጀመሪያው ሎሪ ደረስኩ። ውበቱ ከጎጆው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ማሞቂያው ፊቱ ነው። ክሩን እንዳስተማርኩት እኩል ቆርጦታል፤ ወንፊቱን በአመድ ፈትጎ አብርቶታል። ሲያየኝ ተነስቶ ቆመ።

«ደከምሽ፣ እመቤቴ» አለኝ።

ጀሪካኑን አስቀምጬ ወደ ጎጆው ጎንበስ አልኩ። ገና ሳይጨልም ነው አሉ ላምባው ያለቀው። ያገኙትን ጭራሮ አነደዱ፤ እሱም አለቀ። እናትና አባት ልጅቷን መሐላቸው አስተኝተው አደሩ፤ አስካለ የልጆቿን ብርድ ልብስ ደረበችላቸው። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጎህ ሲቀድ፣ ትናንት ወተቱን በዋጠችበት ሰዓት፣ ዝም ብላ ቀዘቀዘች።

አስካለ ልታጥባት ውሃ ቀድታ ስትመጣ ጥሩወርቅ ቀና አለች።

«በቀዝቃዛ ውሃ እንዳታጥቧት።»

ውበቱ ጎንበስ ብሎ ያመጣሁትን ላምባ በቀስታ ሞላ፤ አንድ ጠብታ መሬት አልነካም። ለኮሰው። ያን ቀን ነፋስ የሚባል አልነበረም። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ ብሎ ነደደ፤ እኔ በዚያ ሥራ ስኖር እንደዚያ ያማረ እሳት አላየሁም። ውሃው ለብ ሲል አስካለ አጠበቻት፤ እኔ አፈሰስኩላት። እኔ እስላም፣ እነሱ ክርስቲያን ነን፤ አፍስሺ አታፍስሺ ያለኝ የለም። ክርስትና ሳትነሳ ስለሞተች ፍትሐት አልተደረገላትም። ውበቱ ራሱ ቆፍሮ ከሰፈሩ ዳር ቀበራት።

ልሄድ ስል ጥሩወርቅ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ይቅርታ ልላት ፈለግሁ። እሷ ግን እጄን ይዛ ጠየቀችኝ፦

«ያንቺ ቤት ሌሊት ይሞቃል?»

መዋሸት አልቻልኩም። «አዎ» አልኳት።

«እሰይ። በይ ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ።»

ማሞቂያውን ለአስካለ ትቼላት ተመለስኩ። ከዚያም ወዲህ ላምባ ባገኘሁ ቁጥር እየወሰድኩ ነበር፤ ብዙ ለውጥ አመጣሁ ብዬ አልናገርም። በየጎጆው ያለ ወሩ የተወለደ ነበር፤ እኔ ያለኝ አንድ ጀሪካን ነው። አንድ ጊዜ ስሄድ እነ ውበቱ የሉም። ዝናብ ሳይመጣ አገራችን ገብተን እንዘራለን ብለው በእግራቸው ተመለሱ አሉኝ። ደረሱ ይሁን አልደረሱ አላውቅም። ሰዒድ ሲመለስ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ሰምቶኝ ሲያበቃ «አንቺ የምትችይውን አድርገሻል» አለኝ። ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የማጫውታችሁ እንድታጽናኑኝ አይደለም። ያን ቤንዚን የነካውን ነዳጅ ተቀብዬ ቢሆን ልጅቷ ትተርፍ ነበር፣ ወይስ ሰፈሩ በሙሉ ይነድ ነበር? ስንት ዘመን አስቤዋለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ነው እላለሁ፤ ሌላ ቀን እንዲያ ነው እላለሁ። ሰው ትክክለኛውን መርጦም ሊሸነፍ እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ትክክል መሆን ብቻውን የሚያድን ይመስለኝ ነበር። ወጣትነቴ ያለቀው እዚያ ሜዳ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ኋላ ጎንደር ተመልሰን እዚሁ ሱቅ ከፈትን፤ አሁንም ምድጃና ማሞቂያ እሸጣለሁ። ሰው ሊገዛ ሲመጣ ዋጋ ከመናገሬ በፊት «የት ነው የምታስቀምጡት?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል፤ አንዳንዱ ምን አገባሽ ይለኛል። ቤት ያለው ሰው ጥግ አለን፣ ደጅ አለን፣ በረንዳ አለን ይለኛል፤ የሚስማማውን መርጬ እሰጠዋለሁ። ማስቀመጫ የለንም የሚለኝ ሲመጣ ግን፣ የምሰጠውን መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።